አንዲት «ማ» በብዙ ልሳን

ቤይሩት ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት፣ ከማለዳ ተነሥታ ቡናውን አፍልታ ሕፃናቱን ለትምህርት ቤት እስክታሰናዳ ድረስ፣ የአገሩን ቋንቋ ገና ሳታውቀው፣ «ማ» የምትባል አንዲት ድምፅ በየአፉ ስትመላለስ መስማቷ አይቀርም። አሠሪዋ «ማዳም» ናት፤ ሕፃኑ እናቱን «ማማ» ብሎ ይጣራል፤ እናቲቱም መልሳ ልጅዋን «ማማ» ትለዋለች፤ ውሃ «ማይ» ነው፤ ስኳሩ ባለቀ ጊዜ «ማ ፊ» ይባላል፤ «አትርሺ» ለማለት «ማ ትንሲ» ይሏታል፤ እንግዳ መጥቶ የልጁን ማደግ ሲያይ «ማሻ አላህ» ብሎ ይደነቃል። ከእነዚህ ሁሉ የመጀመሪያዪቱ «ማ» «የእኔ» ማለት ናት፤ ሁለተኛዪቱ የእናት ስም ናት፤ ሦስተኛዪቱ የውሃ ቍራጭ ናት፤ አራተኛዪቱና አምስተኛዪቱ አሉታ ናቸው፤ የመጨረሻዪቱ ግን «የወደደው» በሚለው ቃል ውስጥ ያለውን «የ» ያህል ሥራ ትሠራለች። ሁሉም በአንድ ወጥ ቤት፣ በአንድ ጧት ይነገራሉ።

የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ንባብ ይዘው «አንድም» «አንድም» እያሉ ትርጓሜውን እንደሚያበዙት፣ የዓለም ሕዝቦችም ይህችን የመ ራብዕ የሆነች አጭር ቀለም ተቀብለው እያንዳንዱ በየልሳኑ የየራሱን አንድምታ ሰጥቷታል። ልዩነቱ ግን መምህራኑ እርስ በርሳቸው የሚደማመጡ ሲሆኑ፣ ሕዝቦቹ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ የፈታት መሆኑ ነው።

በ«ማዳም» እንጀምር። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳዮች ሊባኖስን በሞግዚትነት በገዙበት ዘመን፣ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1920 እስከ 1943 ባለው ጊዜ፣ ከሌሎች ብዙ ቃላት ጋራ በአገሩ ይበልጥ ሥር ሰደደ። «ማ» በፈረንሳይኛ ለአንስት ስም የሚቀደም «የእኔ» ማለት ነው፤ «ዳም» ደግሞ ከላቲኑ «ዶሚና» የወረደ፣ የቤት ባለቤት የሆነች ሴት ማለት ሲሆን፣ «ዶሚና»ም ራሱ ቤት ተብሎ ከሚተረጐመው «ዶሙስ» ጋራ የሥጋ ዘመድ ነው። እንግዲህ «ማዳም» ሲፈታ ከእኛው «እመቤቴ» ጋራ ይገጥማል፤ «እመቤት»ም በግዕዝ «እመ ቤት»፣ የቤት እናት፣ ማለት ነውና፣ ላቲንና ግዕዝ ሳይመካከሩ ወይዘሮዪቱን ከቤቷ ስም አውጥተው ጠርተዋታል። ኢጣልያኖች ድንግል ማርያምን የሚጠሩበት «ማዶና» የተባለው ስም በዚሁ አገባብ ተሠርቶ «እመቤቴ» ማለት ነው። በዐረብ አገር ያሉ እኅቶቻችን ግን በ«ማዳም» ብቻ አልረኩም፤ «ማዳሜ» ይላሉ። በዚህ ቃል ውስጥ «የእኔ» የሚለው አሳብ ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ አንዱ ፊት በፈረንሳይኛ፣ ሌላው ኋላ በአማርኛ። ይህን እንደ ስሕተት የሚቆጥር ሰዋስው ዐዋቂ ቢኖር፣ አያቶቻችንም የአጤ ምኒልክን ስዊሳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን «ሙሴ ኢልግ» ብለው ሲጠሩት፣ «ሙሴ» ያሉት ፈረንሳይኛ «ጌታዬ» የሚል ቃል እንደ ነበረ ያስታውስ። ጌትነቱን ተቀበሉ፤ «ዬ»ዪቱን ግን ማንም አልሰማትም። ቃል ከአገሩ ሲሰደድ እንዲህ ነው።

እንግዳን ሰው ይልቁንም የሚያደናግረው ዐረብኛው «ማ» ነው፤ አንድ ጊዜ «ምን»፣ አንድ ጊዜ ደግሞ «የለም» ወይም «አይደለም» እያለ ይለዋወጣልና። በወሎና በሐረር ከአማርኛው ጋራ ተዋሕዶ የኖረው «ማሻ አላህ» «አላህ የወደደው ነገር» ማለት ሲሆን፣ «ማ ፊ» ግን ባዶነትን ይናገራል። የጥያቄ ቃል እንዴት ወደ አሉታ ይዞራል ቢሉ፣ የራሳችንን አነጋገር ማስተዋል ይበቃል። ሰው «ምን አገባኝ?» ሲል መልስ የሚጠብቅ የለም፤ «አያገባኝም» ማለቱ ነው። «ማን አለኝ?» የሚል ምስኪንም የዘመዶቹን ስም ዝርዝር እንዲያነቡለት ፈልጎ አይደለም፤ ማንም እንደሌለው መናገሩ ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ በብዙ አፍ ሲደጋገም፣ የጥያቄው ዜማ እየደበዘዘ ሄዶ አሉታው ብቻ ይቀራል። በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈው፣ ዐሥሩ ነገድ ከሮብዓም በተለዩ ጊዜ ከዳዊት ቤት ምን ዕድል እንዳላቸው የጠየቁት በዕብራይስጡ በዚህችው በ«ማ» ነው፤ ነገሩ ጥያቄ ይምሰል እንጂ፣ ንጉሡ በሠረገላው ፈጥኖ ወደ ኢየሩሳሌም የሸሸው ጥያቄ አለመሆኑ ስለ ገባው ነው።

ስለዚህችው «ማ» የዐረብ ሰዋስው ሊቃውንት ሲተርኩት የኖሩት አንድ ታሪክ አለ። በሰባተኛው መቶ ዓመት በባስራ ይኖር የነበረው አቡል አስወድ አዱአሊ፣ ሴት ልጁ አንድ ሌሊት ወደ ሰማይ ቀና ብላ «ማ አሕሰኑ ሰማኢ» አለችው። እርሱም፣ አነጋገርዋ «ከሰማይ ያለ ነገር ሁሉ ይልቅ የሚያምረው ምንድር ነው?» የሚል ስለሆነ፣ «ከዋክብቱ ናቸዋ» ብሎ መለሰላት። ልጅቱ ግን መጠየቋ ሳይሆን መደነቋ ነበር። «እንግዲያውስ ‹ማ አሕሰነ ሰማአ› በዪ» ብሎ አረማት፤ የመካከሉ ቃል መድረሻ «ኑ» ከሆነ ጥያቄ፣ «ነ» ከሆነ አድናቆት ይሆናልና። ሕዝቡ የዐረብኛን ጠባይ እየዘነጋ መሄዱን ከዚህ ተረድቶ የሰዋስውን ሕግ ሊጽፍ ተነሣ ይባላል። ታሪኩ በልዩ ልዩ መልክ ስለሚነገር፣ እንደ ተባለው ተደርጎ ይሁን ወይም መምህራን ለተማሪ ማስረጃ ያበጁት ይሁን ለመፍረድ አንቸኩልም፤ ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማው ከማንም በፊት ይገባዋል። «ሰማዩ ምን ያምራል» የሚለው ቃል በእኛም ዘንድ አድናቆትም ንቀት ያለበት ጥያቄም ይሆናል፤ ንባቡ አንድ ሲሆን የሚለየው የድምፁ አወራረድ፣ በጽሑፍም ትእምርተ ጥያቄውና ትእምርተ አንክሮው ብቻ ነው።

ወደ ጎረቤታችን ወደ ሶማልኛ ብንሻገር ደግሞ ጥያቄውና አሉታው ፊት ለፊት ተገናኝተው እናገኛቸዋለን። ጅግጅጋ ላይ አንድ ሰው «ማ ታቃን?» ቢባል «ታውቃለህን?» መባሉ ነው፤ የማያውቅ ከሆነም «ማ አቃን»፣ «አላውቅም»፣ ብሎ ይመልሳል። ጠያቂውም ተጠያቂውም አፋቸውን በ«ማ» ከፍተው፣ አንዱ ይጠይቅባታል፣ ሌላው ይክድባታል።

ዕብራይስጡ ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርብ ይመስላል፤ የሚያሳስተውም ስለሚቀርብ ነው። በዚያ ቋንቋ «ማ» «ምን» ሲሆን «ማን» ደግሞ «ሚ» ይባላል። በ1983 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ ሁለት ቀን በማይሞላ ጊዜ ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲጓጓዙ፣ ከእነርሱ ጋራ የተጓዘው አማርኛ የራሱን «ማ» ይዞ ነው የሄደው። በሯ ሲንኳኳ «ማ ነው?» የምትል አሮጊት የሰው ስም እየጠየቀች ሳለ፣ በዕብራይስጥ ያደገ የልጅ ልጅዋ ጆሮ የዕቃ ስም የሚጠየቅ ይመስለዋል። በሐኪም ቤት ደግሞ ነርሷ «ማ ሽሎሜኽ?» ብላ ደኅንነቷን ስትጠይቃት፣ አሮጊቷ ሁለቱንም ቃል የምታውቃቸው ይመስላታል፤ «ሽሎሜኽ» የእኛው «ሰላምሽ» ነውና በእርሱ አልተሳሳተችም፤ «ማ»ን ግን «ማን» ብላ ከወሰደችው ሰላሟን ማን እንደ ወሰደባት የሚጠይቋት ሊመስላት ነው። እነዚህ ቃላት ባዕድ ሆነው አይደለም የሚያሳስቱት። የግዕዙ «መኑ» እና «ምንት»፣ የአማርኛው «ማን» እና «ምን»፣ የዐረብኛው «መን» እና «ማ»፣ ከሁሉም በፊት በሸክላ ላይ የተጻፈው የአካድ ቋንቋ «መኑ» እና «ሚኑ» ከአንድ አባት የተወለዱ ወንድማማች ናቸው፤ የአባታቸውን ርስት ሲካፈሉ ግን አንዱ ለሰው፣ ሌላው ለነገር እያደረገ፣ አናባቢዋን እንደየመልኩ ለወጣት። እስራኤል በምድረ በዳ ከሰማይ የወረደላቸውን እንጀራ ባዩ ጊዜ «ማን ሁ» ተባባሉ፤ ምንነቱን አላወቁምና። ዛሬ ዕብራይስጥ ተናጋሪ ይህንኑ «ማ ሁ» ይለዋል። ያ የመገረም ጥያቄ የምግቡ ስም ሆኖ ቀረና፣ እኛም «መና» እያልን ስንቀድስበት እንኖራለን።

ከሴም ልጆች ቤት ወጥተን ወደ ቻይና ስንሄድ «ማ» የሚያገኛት ዕድል ሌላ ነው። ቻይንኛ የሚጀምር ተማሪ እንደ ልማዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚማራት ቀለም ይህችው ናት፤ ምክንያቱም የቻይንኛ ቃል በተናባቢና በአናባቢ ብቻ ሳይሆን በዜማም ስለሚለይ ነው። ድምፁ ከፍ ብሎ ሳይናወጥ ቢዘልቅ «ማ» እናት ናት፤ ከታች ተነሥቶ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፅ ሽቅብ ቢወጣ ቃጫ የሚወጣለት የሄምፕ ተክል ነው፤ ዝቅ ብሎ ተመልሶ ቢነሣ ፈረስ ነው፤ እንደ ቍጡ ሰው ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ቢወረወር መሳደብ ነው፤ ያለ ዜማ ቀለል ተደርጎ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ቢጣል ደግሞ እንደ ግዕዙ «ኑ»፣ እንደ አማርኛው «ን» የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ መምህራን ለመለማመጃ «እናት ፈረሱን ትሳደባለችን?» የሚለውን ጥያቄ ከ«ማ» በቀር ሌላ ቀለም ሳይጨምሩ ያስነብባሉ። በጽሑፉም ቢሆን የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ እናት የሚለው ቃል ሲጻፍ የሴት ምልክት ከፈረስ ሥዕል ጋራ ይቆማል፤ መሳደብም የጥያቄዪቱም ምልክት የአፍ ሥዕል ከፈረስ ጋራ ተደርጎ ይጻፋል። ከፈረሱ ጋራ እናትም ሆነች ስድብ አንዳች ጉዳይ የላቸውም፤ ፈረሱ የቆመው ድምፁን ሊያበድር ብቻ ነው። ቬትናሞች ደግሞ ዜማውን ስድስት አድርሰውት፣ በ«ማ» ብቻ መንፈስን፣ እናትን፣ «ነገር ግን»ን፣ መቃብርን፣ ፈረስንና የሩዝ ችግኝን ይለያሉ።

ይህን ሰምቶ «እንዴት ይግባባሉ?» ብሎ የሚያዝን አማርኛ ተናጋሪ፣ የራሱን ቤት ቢመለከት መልካም ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የጌታችን የልደት በዓል ነው። «ዋና» ቢላላ በውሃ ላይ መንሳፈፍ ነው፤ ቢጠብቅ አለቃ ነው። ፊደላችን ይህን ጥብቀትና ልላት የሚያሳይበት ምልክት ባይኖረውም፣ በገበያ መካከል ተሳስቶ የተጣላ የለም፤ ጆሮ ከልጅነቱ የለመደውን ልዩነት ያለ ድካም ይለያል፤ ያለመደውን ግን ቢጮኹበትም አይሰማውም።

ቱርኮች ደግሞ «ማ»ን ከግሥ ኋላ ያስከትሏታል። «ኦኩ» «አንብብ» ነው፤ «ኦኩማ» ግን፣ ድምፁ በ«ኩ» ላይ ቢበረታ «አታንብብ»፣ በመጨረሻዪቱ በ«ማ» ላይ ቢበረታ «ማንበብ» ይሆናል። አማርኛም «ማንበብ» ሲል «ማ»ን ከፊት አቁሞ ከግሥ ስም ያወጣል፤ ሁለቱ ግን ምንም ዝምድና የላቸውም። በሀንጋሪ «ማ» «ዛሬ» ነው። በኢጣልያንኛ ከላቲኑ «ማጊስ»፣ «ይልቅ»፣ ከሚለው ተቆርጦ «ነገር ግን» ሆኗል። ጃፓኖች በሁለት ነገር መካከል ያለውን ክፍት ስፍራና በሁለት ድምፅ መካከል ያለውን ዝምታ «ማ» ይሉታል፤ ሲጽፉትም በበር ቅጠሎች መካከል ፀሐይን ይሥላሉ፤ በቀድሞው አጻጻፍ በፀሐይ ፋንታ ጨረቃ ትሣል ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያየነው ሁሉ የሚያስረዳው፣ ድምፅ በባሕርዩ ትርጓሜ እንደሌለውና ትርጓሜ የሚመጣው በሕዝቡ ስምምነት መሆኑን ነው። ሆኖም አንድ ስፍራ ላይ ይህ ሕግ ይሰናከላል፤ እርሱም እናት ናት። ዝምድና በሌላቸው፣ ተገናኝተውም በማያውቁ ቋንቋዎች እናት በ«ማ» ወይም ይህን በመሰለ ድምፅ ትጠራለች። አሜሪካዊው ጆርጅ መርዶክ ከዓለም ዙሪያ 1,072 የእናትና የአባት ስሞችን ሰብስቦ ነበርና፣ በሞስኮ የተወለደው የቋንቋ ሊቅ ሮማን ያኮብሰን ይህን መዝገብ መሠረት አድርጎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ስለ «ማማ»ና ስለ «ፓፓ» ምክንያት ጻፈ። ከእናት ስሞች በመቶ 55 ያህሉ «መ»ንና «ነ»ን የመሳሰሉ በአፍንጫ የሚወጡ ድምፆች ሲኖሩባቸው፣ ከአባት ስሞች ግን እንዲህ ያሉት 15 በመቶ ብቻ ናቸው። ያኮብሰን የሰጠው ፍች እንዲህ ነው። ሕፃን ጡት ሲጠባ ከንፈሩ የተዘጋ ስለሆነ፣ ሊያሰማ የሚችለው ድምፅ በአፍንጫው የሚወጣው ማጕረምረም ብቻ ነው። ኋላም ጡቱን ወይም ምግቡን ገና ከሩቅ ሲያይ፣ በመጨረሻም ያጣውን ማናቸውንም ነገር ሲመኝ ያንኑ ድምፅ ያሰማል፤ ከንፈሩም አሁን የተከፈተ ስለሆነ «ማ» ሆኖ ይወጣለታል። ሕፃኑ እናቱን መጥራቱ አልነበረም፤ ርቦት ነው። እናት ግን ስሜን ጠራኝ ብላ ትመጣለች፤ በመምጣቷም ስሟ ይሆናል። ላቲኖች «ማማ» ያሉት ጡትን ነበር፤ ካርል ሊኔየስም በ1758 አጥቢ እንስሳትን በአንድ ወገን ሲሰይም ስማቸውን ያወጣላቸው ከዚሁ ነው። የጃፓን ሕፃን «ማንማ» ሲል የሚፈልገው ምግብ ነው።

ከባቢሎን ግንብ በፊት ሰው ሁሉ ይናገርበት ከነበረው ልሳን የተረፈች ፍርፋሪ ይህች «ማ» ናት የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። አሳቡ ያማረ ነው፤ ነገር ግን አያስፈልግም። በእያንዳንዱ ቤት በእያንዳንዱ ትውልድ እንደ አዲስ የሚወለድ ቃል ከአባቶች እንዲወረስ አይገደድም። ደግሞም ወላጆች ይህን የሕፃን ድምፅ ለማን እንደሚሰጡት ራሳቸው ይወስናሉ እንጂ ሕጉ ያለ ልዩነት አይደለም። እንደ እኛው ኦርቶዶክሳውያን የሆኑት ጆርጂያውያን «ማማ» የሚሉት አባትን ነው፤ እናት በእነርሱ «ዴዳ» ናት፤ ቄሱንም በአክብሮት ሲጠሩት «ማማኦ» ይሉታል። በእኛም ቤት ድምፂቱ ከእናት ወደ ልጅ ወርዳ ወንዱን «ማሙሽ»፣ ሴቷን «ማሚቱ» ታሰኛለች፤ የቤይሩቷ እናት ልጅዋን «ማማ» እንደምትለው ማለት ነው። አንድን ጢማም ንጉሥ «እምዬ ምኒልክ» ብሎ በእናት ስም የጠራ ሕዝብ፣ በጆርጂያውያን ሊደነቅ አይገባውም።

የውሃው ነገር ከዚህ ይለያል። የግዕዙ «ማይ»፣ የዕብራይስጡ «ማይም»፣ የዐረብኛው «ማእ» በእውነት ዘመዳማቾች ናቸው፤ ከማይጨው እስከ ቤይሩት ያለው «ማይ» አንድ ነው። ስዋሂሊም ውሃን «ማጂ» ሲል የሰማ ሰው ቸኩሎ ከዚሁ ዘር ቢቆጥረው ግን ይሳሳታል፤ በዚያ ቋንቋ «ማ» የስም ወገን ምልክት ናት፤ ሥሩ «ጂ» ነው። በመምሰል ብቻ ቃልን ከቃል የሚያጋቡ ሰዎች በእኛም አገር ጥቂት አይደሉም፤ የእንግሊዝኛን ቃል ሁሉ ከግዕዝ የሚያወጡ አሉ። ሁለት ድምፆች ስለ ተገጣጠሙ ብቻ ዝምድና ተገኘ ማለት የሊቅ ሥራ አይደለም።

የአማርኛው የራሱ «ማ» ገና አልተነካችም። «እኔ ነግሬው ነበር» ማለትና «እኔማ ነግሬው ነበር» ማለት አንድ አይደለም፤ በሁለተኛው ውስጥ ሌላው ሰው ዝም እንዳለ፣ ተናጋሪው ከወቀሳ ነጻ እንደ ሆነ፣ የተነገረውም ሰው እንዳልሰማ ተከሶ ቀርቧል። «ንገረኝማ» ስትባል ትለምናለች፤ «ይህማ አይሆንም» ስትባል ታምፃለች። ተደግማ «ማማ» ስትሆን ደግሞ በማሳ ዳር ወፍና ዝንጀሮ የሚጠበቅበት ከፍ ያለ መቆሚያ ናት። በአገራችን ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች ስላሉ፣ በእነርሱ ውስጥ «ማ» የምትሠራውን ሥራ አንድ ሰው ሰብስቦ ሊጨርሰው አይችልም፤ በኦሮምኛ «ማል» «ምን» መሆኑን ለመነሻ ያህል ጠቅሰናል። በሲዳማ፣ በሐዲያ፣ በከፋ፣ በአኙዋ፣ እንዲሁም በስደት በምትኖርበት አገር ቋንቋ የምታውቃትን «ማ» ከነአገባቧና ከነዜማዋ ጽፈህ ብትልክልን፣ አንባቢ ሆይ፣ ዝግጅት ክፍሉ በሚቀጥለው ዕትም ያወጣዋል።